ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ

ባጃጁ ከፍኖተ ሰላም መውጫ ላይ ጭቃውን እየገመሰ ሲንገታገት፣ ሀብትነሽ በአንድ እጇ የብረቱን ቋሚ ጨብጣ በሌላው ጉያዋ ውስጥ የሸጎጠችውን ነገር ደግፋ ይዛ ነበር። ሰው እስኪሞላ ብዙ ቆይተው ነው የተነሡት። ጧት ሲጥል የነበረው ዝናብ ቢያባራም የተበሳሳው ሸራ ያቆረውን ውኃ በየቀዳዳው ያንጠባጥብባታል።

ሾፌሩ እጅጉ በመስታወቱ አያት።

«እትየ፣ እንቁላል ነው እንዴ የያዙ? ቀስ ልበል?»

«እንቁላሉንስ ለዚህ ብየ ሸጥሁት» አለችው። «የግርዶሽ መነጽር ነው። ለልጀ።»

«ኧረግ! ፀሐይ ልትጋረድ ነው?»

«ነሐሴ ሁለት ቀን። አልሰማህም?»

«እኔ የምሰማው ቤንዚን ጠፋ ሲሉ ብቻ ነው» አለና ጎማውን ከአንድ ጉድጓድ አውጥቶ ወደ ሌላው አስገባው።

ሀብትነሽ ፈገግ አለች። ቀኑ ሐምሌ ሃያ ስድስት፣ ሰኞ ነው። እስከ ነሐሴ ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቷታል። በዚያ ሳምንት ውስጥ ልጇን ውዳሴን መነጽሩን እንዴት እንደምታጠልቅ ታሳያታለች፤ ቀኑ ሲደርስም አጠገቧ ቆማ እጇን ይዛ ታሳያታለች። ከቤት አትውጪ ብላ ብታስራት እንደማይሆን ታውቃለች። ውዳሴ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከሰባተኛ ክፍል ትምህርት ቤቱ ተዘግቶባት፣ ለዓመታት ያንኑ የተቀዳደደ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ስታነብ የኖረች ልጅ ናት። አሁን በመስከረም ይከፈታል ተብሏል። ለዚያች ልጅ ዓይኗ ሁሉ ነገሯ ነው። ሀብትነሽም ሌሊት ሌሊት የሚያባንናት ይኸው ዓይን ነው፤ ፀሐይ የበላችው ዓይን በቤቷ ውስጥ አለና።

የእናቷ የአልጣሽ ዓይን ሲያዩት ደህና ነው። ነጭ አልጣለበትም፣ አያለቅስም። ግን መሐሉ የለም። ፊት ለፊቷ የቆመውን ሰው አታየውም፤ ዳር ዳሩን፣ ምሰሶውን፣ በሩን፣ የሰውየውን ጆሮ ታያለች። ስለዚህ ሰው ለማየት ስትፈልግ ፊቷን ወደ ጎን ታዞራለች። የማያውቃት የናቀችው ይመስለዋል። ሀብትነሽን ጡት ስታጠባት እንኳ ወደ ምሰሶው እየተመለከተች ነበር የምታያት። የወለደቻትን ልጅ ፊት በቀጥታ አንድ ቀን አይታው አታውቅም።

ባለፈው ግንቦት ቡሬ የዓይን ሐኪሞች መጥተዋል ሲባል ሀብትነሽ እናቷን ይዛ ሄዳ ነበር። ወጣቱ ሐኪም በመብራት አየና ራሱን ነቀነቀ።

«የሞራ ግርዶሽ ቢሆን በቀዶ ሕክምና እናነሣው ነበር፤ ይኸ ግን ጠባሳ ነው። እማማ፣ ልጅ ሳሉ ፀሐይ አፍጥጠው አይተው ያውቃሉ?»

«አንድ ቀን ብቻ ነው ያየኋት» አለች አልጣሽ፣ የሐኪሙን ጆሮ እያየች። «እሷም እስከ ዛሬ ታስከፍለኛለች።»

ሲወጡ ነው ሀብትነሽ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያየችው። በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ፊደል መቁጠር የጀመረች ሴት ናት። መምህርት ምሥራቅ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር እናቶችን ሰብስባ ስታስተምር፣ እሷ ከፊተኛው ድንጋይ ተነሥታ አታውቅም። ስለዚህ ወረቀቱ ፊት ቆመች። ጣቷን በእያንዳንዱ ፊደል ሥር እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች፦ የፀሐይ ግርዶሽ። ኦገስት 2 ቀን 2027። ያለ መነጽር አይመልከቱ።

«ኦገስት ምንድን ነው ልጀ?» አለችው አጠገቧ ስልኩን ሲነካካ የቆመውን ስመኘው የሚባል የከተማ ጎረምሳ።

«ነሐሴ ማለት ነው እናቴ።»

«ይኸ ሁለት ሺህ ሃያ ሰባትስ? ገና ሁለት ሺህ አሥራ ዘጠኝ ላይ አይደለን?»

«እሱ የፈረንጅ ነው፤ ስምንት ቀንሺለት ያንቺው ዓመት ይመጣል። ሲምፕል ነው» አለና ሄደ።

ዓመቱን ቀነሱለት፤ ቀኑን ግን ሁለቱም እንዳለ ተዉት። የፈረንጅ ወር ከእኛ ወር ቀድሞ እንደሚገባ፣ የእነሱ ሁለት ቀን ሲሆን የእኛ ሐምሌ ገና እንደማያልቅ ለሀብትነሽ የነገራት አልነበረም። ጎረምሳውም አላሰበው።

ያሰበችው አልጣሽ ነበረች። ወደ ጅጋ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ፣

«ነሐሴ የእኛ አይደለም» አለች።

«እንዴት እማየ?»

«ግርዶሽም እንደ ሰው ዘር አለው። የእኛ ቤት ግርዶሽ በግንቦት ነው የተነሣ። አያቴ ወለተ ጊዮርጊስ በኅዳር በሽታ ልጆቿን ቀብራ፣ እንባዋ ሳይደርቅ በዚያው ዓመት በግንቦት ፀሐይ ተቆርሳ አየች። የዚያን ጊዜው መሪጌታ ‹ይችው ናት የምትመለስ፤ በአምሳ አራት ዓመት፣ ወር ገፋ ብላ› ብለው ነገሯት። እውነትም በእኔ ጊዜ በሰኔ መጣች። ግንቦት፣ ሰኔ፤ ከዚያ ሐምሌ ነው። ነሐሴ ለውዳሴ የልጅ ልጅ ነው።»

«በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ሰኔ የተጋረደችውስ?»

«እሷ የሌላ ዘር ናት። እኔን አታውቀኝም።»

«እማየ፣ በወረቀት የተጻፈ ነው እኮ! እኔው ራሴ አነበብሁት!»

አልጣሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ልጇን ለማየት ነው። «አንች ገና ዘንድሮ ነው ያነበብሽ» አለች። «እኔ ግን ከፍየበታለሁ።»

ያ ንግግር ሀብትነሽን አስከፋት። ዕድሜዋን ሙሉ በአውራ ጣቷ ስትፈርም የኖረች ሴት አንድ ቀን አንብባ ብትገኝ፣ የገዛ እናቷ አላመነቻትም። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ገብረሰንበት ሕዝቡን አስቀምጠው፣ «እስቲ ያነበብሽውን ንገሪን» ሲሏት ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። በእርሳስ የገለበጠችውን ቁራጭ ወረቀት አውጥታ፣ ኦገስት የሚለውን ትታ ነሐሴ ሁለት ቀን ብላ አነበበች። ሴቶቹ እልል አሉ። መምሬም መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አሳርፈው፣ «ሰማችሁ? ነሐሴ ሁለት ልጆቻችሁን ወደ ቤት አስገቡ» አሉ። ውዳሴ ከሴቶቹ መካከል እናቷን እያየች በኩራት ታበራ ነበር።

ባጃጁ በኃይል ነጠረ። ደመናው በዚያች ቅጽበት ተሰነጠቀና ፀሐይ በተበሳሳው ሸራ ውስጥ ገባች።

ሀብትነሽ ጭኗ ላይ ያለውን ነጭ ነጠላ አየች። በየቀዳዳው የገባው ብርሃን ነጠላዋ ላይ ተነጥፏል። ግን ክብ አልነበረም። ትልቁም ትንሹም፣ በረድፍም በብትንም፣ ሁሉም እንደ ማጭድ የተቆለመመ ነበር። በጣቷ አንዱን ነካችው። ጣቷም ላይ ማጭድ ሆነ።

እናቷ ከወለተ ጊዮርጊስ የሰማችውን እሷም ከእናቷ ሰምታዋለች፤ ሺህ ጊዜ። ቀና አትበይ፤ ወደ መሬት እይ። በዛፉ ጥላ ሥር እንደ ማጭድ ሆና ትወርድልሻለች።

«እጅጉ» አለች ወደ ፊት ተጠግታ። «እጅጉ! ዛሬ ነው!»

«ምኑ?»

«ዛሬ ነው! ንዳው ወንድምዓለም፣ ስለ እመብርሃን ንዳው!»

አሁን ገባት። ጧት የመነጽሩ ባለሱቅ ሴትዮ፣ «ዕድል ቀንቶሽ ነው፤ ሰው ሲሻማው ነው ያረፈደ» ብላት ነበር። ቀኑን ስትጠይቃት፣ «እንጃ እቴ፣ ካርቶኑን የላከው ልጀ ነው» አለቻት። ሀብትነሽም፣ የከተማ ሰው ለሁሉ ነገር ቀድሞ ይዘጋጃል ብላ በልቧ አድንቃ ወጣች።

ስልኳን አውጥታ ለጎረቤቷ ለእንቁ ደወለች። አልጠራም። ደግማ ደወለች። አንዲት ድምፀ መልካም ሴት የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው ሊገኙ አይችሉም አለቻት። «ይገኛሉ! ቤታቸው ናቸው!» ብላ ሀብትነሽ ለዚያች ሴትዮ መለሰችላት።

ከፊታቸው ኬላ ነበር። ሚኒባስና ጭነት መኪና ተሰልፏል፤ ሰው ሁሉ እየወረደ ይፈተሻል። ሀብትነሽ ተራዋን ሳትጠብቅ ወደ ፊት ሮጠች።

«ወዴት ነው?» አለ አንዱ ጠባቂ። «ጉያሽ ውስጥ ያለውን አውጪው።»

አወጣችው። ጠባቂው የወረቀቱን መነጽር አገላብጦ አየ፣ ሳቀ፣ ዓይኑ ላይ አድርጎ ወደ ሰማይ ቀና አለ። ሳቁ ቆመ።

«ኧረ ኑ እዩ! ተበልታለች! ኑ ይኸን እዩ!»

ጓደኞቹ ከበቡት። አንዱ ከአንዱ እየነጠቀ አየ። ሁሉም እንደ ልጅ «እኔንስ! እኔንስ!» አሉ። ከመኪና የወረደውም ሰው ተጠጋ። አንድ ሽማግሌ አይተው አማተቡ። ሀብትነሽ እጇን ዘርግታ በመካከላቸው ቆመች።

«ለልጀ ነው። የኔ ወንድሞች፣ ለልጀ ነው የገዛሁት። ስጡኝና ልሂድ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ እናቴ፤ እሱ አላየም።»

«ልጀ ሜዳ ላይ ናት!»

«ልጅሽ ጋር እስክትደርሺማ ያልፋል» አለ መነጽሩን ያደረገው፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። «አይዞሽ፣ ሌላ ጊዜ ታያለች።»

ያ የወረቀት መነጽር የስንቱን ዓይን ጠብቆ ወደ እጇ እንደተመለሰ አላወቀችም። ሲመለስ አንድ ጆሮው ታጥፎ ነበር።

ባጃጁ ተራው ደርሶ አልፎ ጅጋ እስኪደርሱ ብርሃኑ ገረጣ። የጨለመ ቀን አልነበረም፤ የታመመ ቀን ነበር። የሰው ጥላ ጠርዙ ስል ሆነ፤ ዶሮዎች ግራ ገብቷቸው በየደጁ ቆሙ። ገበያተኛው ግን ደመና ነው ብሎ ሸቀጡን ላስቲክ ያለብሳል። ሀብትነሽ ከባጃጁ ዘላ ወርዳ ወደ መንደሯ የሚወስደውን ዳገት ያዘች። የፕላስቲክ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ሲቀርባት ትታው ሄደች።

እየሮጠች የምታስበው የእናቷን ሰኔ ነበር፤ የሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አምስቱን። ወለተ ጊዮርጊስ ያን ቀን የልጅ ልጇን ከቤት ዘግታባት ነበር። የአጥቢያ ዳኛው የግራዝማች እንድሪያስ ጭቃ ሹም ግን በሩን በዱላ ደበደበ። «የግራዝማች ማሳ ሳይታረም ፀሐይ ትጋረዳለች ብሎ ቤት መዋል አለ? ልጅቱን አውጪ!» አሮጊቷ እግሩ ላይ ወደቀች። ልጅቱ ግን ወጣች፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደመናው ሳሳ፤ በስሱ ደመና ውስጥ ፀሐይ እንደ ጨረቃ ፈዛ፣ ተቆርሳ ታየች። ዓይን አልወጋችም። ስለማትወጋ ነው ልጅቱ አትኩራ ያየቻት።

የእናቷን ዓይን ጭቃ ሹሙ ነው ያጠፋው፤ ሀብትነሽ ይህን ስትል ኖራለች። የልጀ ቢጠፋ ግን ማን አጠፋው እላለሁ? ይኸን አስባ ሮጠች፤ ይኸን ላለማሰብም ሮጠች።

ወንዙ ጋ ስትደርስ ሞልቷል። ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ወገቧ ገባችበት፤ መነጽሩን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ይዛው ተሻገረች። ከወዲያ ማዶ ስትወጣ ብርሃኑ መመለስ ጀምሮ ነበር። እንደገና ደመና፣ እንደገና ካፊያ፣ ከዚያም ደህና፣ ተራ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ። ምንም እንዳልሆነ ሁሉ።

ውዳሴ የደጁ አጥር ላይ ተደግፋ ቆማ ነበር። እናቷን ባዶ እግሯን፣ በጭቃ ተለውሳ ስታያት ሮጣ መጣች።

«እማየ! ወንዝ ገብተሽ ነው? ምን ሁነሽ ነው?»

«የት ዋልሽ? ሰማይ አይተሻል?»

«ጥጆቹ ዘንድ፣ እዚሁ ደጅ ሜዳው ላይ። እማየ፣ ምን እንዳየሁ ታውቂያለሽ? ፀሐይ በደመናው ውስጥ እንደ ጨረቃ ሁና፣ ልክ እንደ ተገመጠ ድፎ ዳቦ!» ውዳሴ ሳቀች። «እምየ አልጣሽ ከውስጥ ‹ግቢ፣ ግቢ› እያለች ስትጮህብኝ ነበር። እኔም፣ ‹የግርዶሹ ቀን ነሐሴ ሁለት ነው፤ እማየ አንብባለች፣ ይኸ ደመናው ነው› አልኋት። ፀሐይዋ ምንም አላንጸባረቀችም። እስክትሞላ ድረስ ነው ያየኋት።»

ሀብትነሽ የአጥሩን እንጨት ያዘች።

አልጣሽ በበሩ ጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር። ጉሮሮዋ ከመጮህ ብዛት ተዘግቷል። «ለመንኋት» አለች በሰለለ ድምፅ። «እንደ አያቴ ለመንኋት። እግሯ ላይ መውደቅ ብቻ ነው የቀረኝ። በአንች ቃል መለሰችልኝ።»

«ምነው?» አለች ውዳሴ፤ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። አንዴ አያቷን፣ አንዴ እናቷን ተመለከተች። «ምነው፣ ነሐሴ ሁለት አይደለም እንዴ?»

ሀብትነሽ መነጽሩን ዘረጋችላት። ሌላ ምን እንደምትሰጣት አላወቀችም። ውዳሴ ተቀበለችው። የታጠፈውን ጆሮ አቀናች፣ አገላበጠችው። ጎኑ ላይ ጽሑፍ ነበረበት። እንደ ልማዷ ልታነብ ወደ ፊቷ አቀረበችው። አራቀችው። ዓይኗን በመዳፏ አሸችና እንደገና አቀረበችው።

«እማየ፣ ውኃ ነክቶት ነው? መሐሉ ታጥቧል።»

ሀብትነሽ ከትከሻዋ በላይ አየች። ፊደሎቹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደህና ነበሩ፤ እሷ እንኳ ታነባቸዋለች።

«ደክሞሽ ነው» አለች። «ደክሞሽ ነው ልጀ። ነገ ይለቅሻል። እስቲ እኔን እይኝ።»

ውዳሴ ቀና ብላ ወደ እናቷ ተመለከተች። ግንባሯ ተኮማተረ።

ከዚያ ቀስ ብላ፣ ማንም ሳያስተምራት፣ እናቷን ለማየት ፊቷን ወደ በሩ ምሰሶ አዞረች።